ሆቴሉን የሚወደው ማን ነው

አውቶቡሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይነሣ ክርክሩ ተጀመረ። ስለ ጨዋታው አይደለም። የክሌር ቡድን ተርልስ ከተማ ሄዶ ከቲፐራሪ ጋር በአየርላንዱ የበትር ኳስ እንደሚጋጠም፣ የማን በትር ፈጣን፣ የማን ጉልበት የላላ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ተወርቶ አልቋል። የጨዋታ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው፤ ማን የት በላ፣ ምን ቀረበለት፣ ለምንስ ዳግመኛ እግሩ እዚያ አይረግጥም።

«ላሂንች ባሕሩ ዳር የተከፈተውን ምግብ ቤት አይታችሁታል?» አለች ጎሬቲ፣ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ ወደ ኋላ ዞራ። ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰበካው ወሬ ሁሉ ማኅተም የሚመታበት እሷ ጋ ነው። «እንዳትሞክሩት። ሳህኑ የጋሪ ጎማ ያክላል። በዚህ ጫፍ ዓሣ፣ በዚያ ጫፍ አንዲት ካሮት። ሁለቱ ለመገናኘት አውቶቡስ ያስፈልጋቸዋል።»

«ካሮቷ ደግሞ ጥሬ ናት» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጥሬ አይደለችም፣ እንደዚህ ነው የምትበላው አሉኝ። ፈረስ ነኝ እንዴ?»

ፓኪ ሄሂር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ድንች የተከሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በምግብ ጉዳይ እሳቸው አፍ ሲከፍቱ ሌላው ይዘጋል። «እኔ መጀመሪያ የማየው ድንቹን ነው» አሉ። «የተፈጨ፣ የተጠበሰ፣ ቺፕስ። ሦስቱም አንድ ሳህን ላይ ካሉ ቤቱ ቤት ነው። ልጄ ጎልዌይ ወስዳ አንድ ቦታ አስገባችኝ፤ ድንች የለም አሉኝ። ሩዝ ነው ያለን አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አሏቸው ጋሽ ፓኪ?»

«ምን እላለሁ? ስጨርስ አስተናጋጇ መጥታ እንዴት ነበር አለችኝ። ግሩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጠ። ያሳቃቸው ግን ሩዙ ነው፤ ግሩም ነበር ማለታቸው ማንንም አላሳቀም። ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? አስተናጋጅ አጠገብህ ቆማ እንዴት ነበር ካለችህ፣ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ጉሮሮህ ላይ ቢሰነቀርም ግሩም ነው ትላለህ። እውነቱን የምትናገረው መኪና ውስጥ ነው፣ ለሚስትህ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

ሙሪን ከሾፌሩ ጀርባ፣ ማይኩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አፏ ከዕድሜዋ ይቀድማል ይሏታል፣ እሷም አትክድም። ዛሬ አውቶቡሱ በእሷ እጅ ነው። ሙሪን ሳትወለድ ጀምሮ የሰበካውን ደጋፊ ስታመላልስ የኖረችው አክስቷ አትራክታ ናት፤ ዘንድሮ ግን ዳሌዋ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከዘራ ይዛለች።

«ዛሬን አሳዪኝ» ብላታለች ትናንት። «ሰው ሁሉ ጠግቦ፣ ማንም ሳያኮርፍ ቤቱ ከገባ አውቶቡሱ ያንቺ ነው። ካልሆነ ለጎሬቲ ነው የምሰጣት። ስጪኝ ስትለኝ ኖራለች።»

ሙሪን አውቶቡሱን ከልቧ ትፈልገዋለች። በዚህ አገር ሰው ዞር ብሎ የሚያይሽ ወይ መሬት ሲኖርሽ ነው፣ ወይ አውቶቡስ ሲኖርሽ። መሬቱን ወንድሟ ወስዶታል።

«ከጨዋታው በኋላ ያው ሆቴሉ ነው» አለች አትራክታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ኳ አድርጋ።

ሆቴሉ ስም አለው፤ ማንም ግን በስሙ አይጠራውም። ከተርልስ ሲመለሱ ድልድዩ አጠገብ የሚገኘው ነው። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ዓመት በመጣ ቁጥር ይቆማሉ፣ የኋላ ክፍሉ ይጠብቃቸዋል፣ የበሬ ጥብስ ይበላሉ፣ ግሩም ነበር ብለው ይወጣሉ።

ሙሪን አንድ ነገር ልብ አለች። ከመንደራቸው እስከ ሊመሪክ ባለው መንገድ ያልተነሣ ምግብ ቤት የለም። አንዱ ሾርባው የጨው ባሕር ነው ተባለ፤ ለሌላው አይብ ያለበትን የፖም ኬኩን ሳትቀምሱ እንዳትሞቱ ተባለለት፤ ኤኒስ ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ቤት ደግሞ ስለ ዓሣዋ እስኪያልባቸው ተከራከሩባት። ስለ ሆቴሉ ግን ክፉም ደግም የተነፈሰ የለም። አትራክታ ስታነሣው ጊዜማ ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዘ። ውጭ ያለው ላም ብቻ ነው።

ተርልስ ደረሱ። ከስታዲየሙ በር ፊት የክሌርን ቢጫና ሰማያዊ ማልያ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ሙሪን የመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ላይ ጎሬቲን አገኘቻትና ሳታቅማማ ጠየቀቻት።

«ጎሬቲ፣ የሆቴሉን ጥብስ ትወጂዋለሽ?»

ጎሬቲ ግራ ቀኙን አየች። «ለአክስትሽ እንዳትነግሪ። እኔ ለእሷ ብዬ ነው የምበላው፤ ሆቴሉ ማለት ነፍሷ ነው። አምና ግማሹን በናፕኪን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቦርሳውን ጣልኩት።»

ሙሪን ሰልፉን ትታ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ሾፌሩ ማላኪ መሪው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ በአሳማ ሥጋ እየበላ ነበር። «አንተ» አለችው፣ «ማታ ሆቴሉ እያለልህ አሁን ምን ያስቸኩልሃል?»

«ሆቴሉ ስላለ ነዋ» አለ ማላኪ። «አንዴ ለውሻዬ ወሰድኩለት። አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ፣ እንዲህ አድርጎ። ምን አደረግኩህ እንደማለት። እስካሁን አልታረቀኝም።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ሰዉ ይወደዋል፣ እኔ ማን ነኝ?»

ፓኪን ያገኘቻቸው በዕረፍት ሰዓት ነው፣ ክሌር በሁለት ነጥብ እየተመራ፣ ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መስሎ። ይህን ጊዜ ሙሪን መልሱን ታውቀዋለች፤ ከአፋቸው መስማት ብቻ ነው የፈለገችው።

«ሥጋውስ ይቅር» አሉ ፓኪ። «የተፈጨው ድንች ግን ድንች አይደለም። ከካርቶን የሚወጣ ዱቄት ነው። እኔን በድንች ሊያታልሉኝ።» በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ላድርግ ልጄ? ስንት ወጣት በደስታ የሚበላበትን ቤት አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ያፍርሰው?»

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ስለ ምግብ ያሰበ የለም። ክሌር አቻ አደረገ፤ ቲፐራሪ ቀደመ፤ ክሌር እንደገና አቻ። ጭማሪ ሰዓት ተጨመረ። ጎሬቲ ዓይኗን ጨፍና የማታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በስም ጠራች። መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ከመስመሩ ጥግ ኳሷን በበትሩ አነሣትና ላካት፤ ኳሷ ሰማይ ላይ የቆመች እስኪመስል ዘገየች፣ ከዚያም በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ አለፈች፤ በበትር ኳስ ነጥብ ማለት ይኸው ነው። ፊሽካው ተነፋ። ክሌር በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

አትራክታ ከዘራዋን ወርውራ የሙሪን አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሐኪሙ መዝለል ክልክል ነው ብሏታል፤ ዘለለች። ሙሪንም እየዘለለች፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጆሮዋ ሥር ጠየቀቻት።

«አክስቴ፣ ሆቴሉን ትወጂዋለሽ?»

«እኔ?» አለች አትራክታ፣ ዕንባዋን በማልያዋ እጅጌ እየጠረገች። በደስታ ቀን ሰው አይዋሽም መሰል። «የመጀመሪያው ጊዜ ሁላችሁም ግሩም ነው አላችሁ። አንድ ሳይቀር። እንዲህ የወደዳችሁትን እንዴት ልንጠቃችሁ? ለእናንተ ስል ስንት ዘመን ያንን የጫማ ሶል አላመጥኩ።»

ሙሪን ሳቋ አፈናት። አገር ሙሉ ሰው ዓመት እየጠበቀ፣ አንዱ ለሌላው ሲል የማይወደውን ሲበላ ኖሯል። ማንም ያልጠየቀው፣ ሁሉም የከፈለው መሥዋዕትነት።

አውቶቡሱ ከተርልስ ሲወጣ መስኮቱ ሁሉ ባንዲራ ነበር። ዘፈኑ ከኋላ ይነሣል፣ ከፊት ይቀበሉታል፤ ማላኪ ጥሩምባውን በዘፈኑ ምት ይነፋል። ሙሪን ግን ልቧ በሌላ ነገር ይመታል። ከፊታቸው መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። ወደ ግራ ሆቴሉ ነው። ወደ ቀኝ ድሮ ገበሬው ወተት የሚያስረክብበት የነበረ፣ አሁን ዲምፍና የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ምግብ ቤት ያደረገችው የድንጋይ ቤት አለ። ሙሪን ሁለት ጊዜ በልታበታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳህኑን በዳቦ ጠርጋለች። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ዲምፍና፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ ልምጣብሽ?»

«ክሌር ናችሁ ቲፐራሪ?»

«ክሌር።»

«እኔ የቲፐራሪ ልጅ ነኝ» አለች ዲምፍና። «ይሁን፣ አምጫቸው። ባሌ ሥጋ ከምድጃ እያወጣ ነው።»

ሙሪን ወደ አክስቷ ጎንበስ ብላ ያሰበችውን ነገረቻት። አትራክታ ሳቋ ጠፋ። «የወተት ቤት? ማን ያውቀዋል? አንድ ሰው ሆዱ ባዶ ቢቀር ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። ጎሬቲ ደግሞ ያቻት፣ ጆሮዋ እንደ ጥንቸል ቆሟል። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«እንግዲህ እኔ የለሁበትም» አለች አትራክታ። እጇ ግን ማይኩን ከማንጠልጠያው አውርዶ ሰጣት።

ሙሪን ተነሥታ ቆመች። «ዘፈኑን ለአፍታ» አለች። «አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ኑዛዜ ላይ እንዳላችሁ ቁጠሩት። ሆቴሉን የምትወዱ እጃችሁን አንሡ።»

ጎሬቲ አትራክታን አየች። አትራክታ ፓኪን አየች። ፓኪ ወደ ኋላ ዞረው ወጣቶቹን አዩ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም የሌላውን እጅ ይጠብቃል፣ የማንም እጅ ግን ከጭኑ አልተነሣም።

«ማንም?» አለች ሙሪን። «አክስቴ ለእናንተ ስትል ነው የምትበላው። ጎሬቲ ለአክስቴ ስትል። ጋሽ ፓኪ ለወጣቱ ሲሉ። ማላኪ ለሰዉ ሲል። እንግዲህ ሆቴሉን የሚወደው ማን ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት ፓኪ ናቸው፤ ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ከዚያማ ጉድ ፈላ። ዓመታት የታፈነው ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ። ስለ ካሮቱ፣ ከጧት ጀምሮ ሲቀቀል ስለዋለው። ስለ መረቁ፣ ማንኪያ ስለሚያቆመው። አንዷ ሥጋውን እጅጌዋ ውስጥ ከትታ መውጣቷን ተናዘዘች፤ ባሏ ለካ ያ ሽታ እሱ ነበር አላት። ከኋላ ያለው ሰውዬ ተነሥቶ የራሱን ድርሻ ሁልጊዜ ወደ ፓኪ ሳህን እንደሚያሻግር አመነ፤ ፓኪም እንዴት አያልቅልኝም ስል ኖሬ፣ አንተ አረመኔ፣ አሉት። ክሌር ካሸነፈው በላይ የደስ ደስ ያለው ይህ ሆነ።

«በይ እንግዲህ» አለች ጎሬቲ ዕንባዋን እየጠረገች፣ ማር በተቀባ ድምፅ። «እንደማንመጣ ማን ይነግራቸዋል? ባለሆቴሏ ሚስስ ኮንሲዳይን በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀን። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ አይደል?»

እርስ በርስ መናገር ሌላ፣ ለሆቴሉ ባለቤት መናገር ሌላ። ሙሪን ማይኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደወለች።

«ሚስስ ኮንሲዳይን፣ የክሌር አውቶቡስ ነን። ዛሬ አንመጣም ለማለት ነው።»

«ኧረ ምነው፣ በደህና?» አለች ሴትዮዋ።

«በደህና ነው። ሌላ ቦታ ልናይ አስበን።»

«ጥብሱ ላይ ቅር ያላችሁ ነገር አለ እንዴ? ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል፣ የኔ ልጅ። እዚህ ቤት ማንም ምንም ነግሮኝ አያውቅም።»

ሙሪን አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ ተዘጋጅቶ፣ ተስሎ። «ኧረ በፍጹም» አለች። «ግሩም ነበር። ሁልጊዜም ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ድምፅዋ ከአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ተንቆረቆረ። ማይኩን ማጥፋት ረስታለች። አውቶቡሱ ፈነዳ፤ ማላኪ ከሳቁ ብዛት መንገድ ዳር ሊያቆም ምንም አልቀረውም።

«ምንድን ነው እሱ ጩኸት?» አለች ሚስስ ኮንሲዳይን።

«ጨዋታውን አሸንፈን ነው» አለች ሙሪን ፊቷ ፍም መስሎ፣ ስልኩን ዘጋች።

«ያቺ ባለ ማይክ የት ሄደች?» አለች ጎሬቲ። «ኑዛዜ ላይ እንዳላችሁ ቁጠሩት ያለችን?»

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉ ፓኪ። «አሁን የኛ ሰው ሆንሽ።»

ማላኪ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

የወተት ቤቱ ግድግዳ በኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ዲምፍና እጅጌዋን ጠቅልላ በር ላይ ጠበቀቻቸው፤ የቢጫና ሰማያዊውን ጎርፍ ስታይ ዓይኗን ወደ ላይ ገልብጣ «ግቡ፣ ምን አደርጋለሁ» አለች። ባሏ ረጅሙን ቢላ ይዞ ሥጋውን ይቆርጣል። ሽታው ብቻ አውቶቡሱን ሙሉ ዝም አሰኘው።

ሙሪን ግን በየሳህኑ ላይ ድንቹን ፈለገች። የተፈጨ ድንች አለ። የተጠበሰ ድንች አለ። ቺፕስ የለም። ቀና ስትል ፓኪ ሳህናቸውን አጎንብሰው እያዩ ነው፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ጎሬቲም ፓኪን እያየች ነው።

ሹካና ቢላ ሥራ ጀመረ። ወሬ የለም። ሙሪን የራሷን ሳህን ትታ የሌላውን ታያለች። ዲምፍና በየገበታው ዞረች፤ እንዴት ነው እያለች። «ግሩም ነው» አሏት እነዚያ። «ግሩም ነው» አሏት እነዚህም። ያው ቃል፣ ያው ድምፅ፣ ያው ፈገግታ፤ ለሚስስ ኮንሲዳይን ዓመታት የተሰጠው። ሳህኑ ባዶ እየሆነ መሄዱም ሙሪንን አላጽናናትም፤ የሆቴሉ ሳህንም ባዶ ነበር። አጎንብሳ የጎሬቲን ቦርሳ አየች። የተዘጋ ነው። አክስቷን አየች። አክስቷ ታኝካለች፣ ፊቷ ግን አይነበብም።

ፓኪ ሹካቸውን አስቀመጡ። «የቤቱ እመቤት» አሉ። «አንዴ ወዲህ።»

ዲምፍና መጣች። አንዱ ሹካውን አፉ ደጃፍ ላይ አቁሞታል።

«ሥጋሽ እንከን አይወጣለትም» አሉ ፓኪ። «ድንችሽ ድንች ነው፤ መሬት አይቷል። ነገር ግን ቺፕስ የለም። መረቁም ቀጥኗል፤ ሳህኔ ላይ ሲሮጥ ነበር ላስቆመው የሞከርኩት።»

ፓኪ ሄሂር፣ ለሩዝ ግሩም ነው ያሉት ሰው፣ የቤቱን እመቤት ዓይን እያዩ መረቅሽ ቀጥኗል አሉ። ሙሪን መሬቱ ቢከፈት ትገባ ነበር።

ዲምፍና ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ስለ መረቁ እውነትዎን ነው» አለች። «በድንገት ስለመጣችሁ ቸኩዬ ነው። ቺፕሱ ደግሞ ምሳ ላይ አለቀ።»

«ለሚቀጥለው ጨዋታ አወፍሪው» አሉ ፓኪ። «ቺፕሱንም አስቀሪልኝ። በመስኮቱ በኩል ነው የምቀመጠው።»

«ጎመኑም» አለች ጎሬቲ፣ ከወንበሯ ቀና ብላ፣ «ቅቤ ትንሽ ብትጨምሪበት። ስንመጣ ማለቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ወንበሩ ለወገብ ይጠነክራል። ሻዩ ይጠቁር። የፖም ኬኩ ቁራጭ ሰፋ ይበል፣ እንግዳ ተቀባይ ቤት አይደል እንዴ? በሩ ሲከፈት ንፋስ ያስገባል፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ በመስከረም ነው። ዲምፍና ወገቧን ይዛ ለአንዱ ሳትመልስ ሌላው ይቀጥላል፤ እሷም «በቲፐራሪ ስትሸነፉ ኑ፣ ያኔ ቺፕስ አበላችኋለሁ» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አትራክታ አፏን በናፕኪን ጠረገች። ናፕኪኑ ውስጥ ምንም የለም። «ሰማሻቸው?» አለቻት ሙሪንን። «እኔን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር አሻሽዪ ያለኝ ሰው የለም።» ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች። «ከእንግዲህ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ያንቺ ነው። ማይኩን ማጥፋት ግን ተማሪ።»

ሙሪን ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። ሰዉ ሻይ ሲጠጣ እሷ ወደ ውጭ ወጣች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የአውቶቡሱ ባንዲራዎች በንፋሱ ይውለበለባሉ። ስልኳን አወጣች። ማዶ በኩል ሲነሣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሚስስ ኮንሲዳይን፣ ሙሪን ነኝ፣ የክሌሯ። ቅድም ስለ ጥብሱ ጠይቀውኝ ነበር። ደርቋል። የተፈጨውን ድንች ደግሞ እባክዎ ከእውነተኛ ድንች ይሥሩት።»

ከወዲያ ማዶ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ።

«ቆይ» አለች ሚስስ ኮንሲዳይን። «እስክሪብቶ ላምጣ።»